ዶን ሪቪ፦ ሊድስን ከብረት የሰራው ሰው

ሜይ 11 ቀን 1988፣ ኤላንድ ሮድ። (በዚህ ፅሁፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዝግጅቱ ለነጥብም ለዋንጫም አይደለም፣ የእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። የብዙዎቹ ዓይን ያረፈው ደግሞ በተጫዋቾቹ ላይ ሳይሆን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በመጣ አንድ የ60 ዓመት ሰው ላይ ነው። ከ14 ዓመት በፊት ከዚህ ስታዲየም ሲወጣ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነበር። አሁን ግን እግሩ አይታዘዝለትም። የሚሰበሰበውም ገንዘብ የሚውለው እሱን ለያዘው በሽታ ምርምር ነው።

ይህ ሰው ዶን ሪቪ ይባላል። በእኛ አገር የሊድስን ስም የሚያውቀው አብዛኛው ደጋፊ በ2001 በሻምፒዮንስ ሊግ ለግማሽ ፍፃሜ የደረሰውን የእነ ኪዌልና የእነ ቪዱካን ቡድን ነው የሚያስታውሰው። ነጩን ማሊያ ለሊድስ ያለበሰው፣ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ጭቃ ጎትቶ አውጥቶ አውሮፓ ላይ ያስፈራራበት ግን ሪቪ ነው። የዛሬው ባለታሪካችን እሱ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። የሪቪ ህይወት ሁለት ጊዜ ከደምና ከብረት ጋር ይገናኛል። አንዴ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ሲል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳይንቲስቶች ዛሬም ብረትን በሚጠረጥሩበት በሽታ ሲያዝ። ብረት ሲባል ጎንደሬ መጀመሪያ የሚያስበው ጠመንጃ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛ የምናወራው ግን በደማችን ውስጥ ስላለው ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሰሜን ተራሮች ላይ መውጣቱም አይቀርም።

ሪቪ የተወለደው ጁላይ 10 ቀን 1927 በሰሜን እንግሊዟ ሚድልስብሮ ነው። አባቱ አናፂ ነበር፣ ግን ዘመኑ የስራ ማጣት ዘመን ስለሆነ መዶሻው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ይውላል። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን ትደጉማለች። ኳስ መግዛት የማይታሰብ ነበርና ትንሹ ዶን ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ የሚለማመደው በጨርቅ ጥቅል ነው። አራዳ ላይም ሆነ ፒያሳ ጎንደር በጨርቅ ኳስ ያደገ አንባቢ ይህችን በደንብ ያውቃታል። 12 ዓመቱ ላይ እናቱ በካንሰር ሞተችበት። ገንዘብ የመፍራት ነገር፣ ነገ ባዶ እጄን እቀራለሁ የሚል ስጋት፣ ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ነው። በኋላ ስሙን ያጠፋውም ይኸው ስጋት ነው።

በ14 ዓመቱ ትምህርት ትቶ ግንበኝነት መማር ጀመረ። በ1944 ሌስተር ሲቲ ወሰደው። በ1946 ከቶተንሃም ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ብዙዎች አበቃለት አሉ፣ እሱ ግን ተመለሰ።

አሁን ወደ 1949 እንምጣ። ሌስተር ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ላለመውረድ የሚንደፋደፍ ቡድን ነው። በኤፍ ኤ ካፕ ግን አንድ ነገር ነካቸውና ግማሽ ፍፃሜ ደረሱ። የገጠማቸው ፖርትስማውዝ በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነበር። ሌስተር 3 ለ 1 አሸነፈ፣ ከሶስቱ ሁለቱን ያገባው ሪቪ ነው። የ21 ዓመቱ ልጅ ዌምብሌይ ሊጫወት ነው! ከፍፃሜው በፊት ግን አፍንጫው ውስጥ ያለ የደም ስር ተበጠሰ። እንደ ተራ ነስር የጀመረው ነገር አልቆም አለ። ብዙ ደም ፈሰሰው፣ ሆስፒታል ገባ፣ ለህይወቱም አሰጋ። ቡድኑ ዌምብሌይ ላይ በዎልቭስ 3 ለ 1 ሲሸነፍ ሪቪ አልጋ ላይ ሆኖ በሬዲዮ ነበር የሚከታተለው።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። አንድ ተጫዋች ያን ያህል ደም ሲፈሰው በትክክል ያጣው ምንድነው?

አንድ ጎልማሳ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት በአማካይ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ሚስማር አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሶስተኛ የሚሆነው ደሙን ቀይ ባደረገው ሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ እግር ጡንቻ ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። በ80ኛው ደቂቃ ክንፍ ይዞ የሚሮጥ ተከላካይ ሩጫው የሚመጣው ከዚያች ሚስማር ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሊትር ደም ሲፈስ ግማሽ ግራም ያህል ብረት አብሮ ይሄዳል። ከምግብ በቀን የሚገባው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሂሳቡን ስሩት፤ ያን ለመተካት ወራት ይፈጃል። የሚገርመው ደግሞ ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወጣበት የራሱ በር የለውም። ስለዚህ መግቢያው ላይ ጠንካራ ዘበኛ አቁሟል፤ ሄፕሲዲን የሚባል ጉበት የሚሰራው ሆርሞን ነው። ያረጁ ቀይ የደም ህዋሳትም ከ120 ቀን ገደማ በኋላ ሲፈርሱ ብረታቸው አይጣልም፣ ተለቅሞ እንደገና ስራ ላይ ይውላል። ቆጣቢነቱ ራሱን ሪቪን ነው የሚመስለው።

በዚህ ጉዳይ የዓለም ሳይንቲስቶች ወደ እኛው ሰሜን ተራሮች መምጣታቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቆላ የለመደ ቡድን ጎንደር ወጥቶ በሁለተኛው አጋማሽ ሲያለከልክ ያየ ደጋፊ ከፍታ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ጎንደር ከተማ ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰሜን ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራራ ሰዎችን ደም መረመሩ። የጠበቁት እንደ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ነበር፤ እዚያ ያሉ ተራራዎች ነዋሪዎች አየሩ ሲሳሳ ሰውነታቸው ብረቱን አሰባስቦ ሄሞግሎቢን ያበዛል፣ ደማቸው ይወፍራል። ወይም እንደ ቲቤት፤ እነሱ ደማቸው አይወፍርም፣ ግን የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰው ሁለቱንም አልሆነም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ ማለትም ባህር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው የማይለይ። በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠንም 95.3 በመቶ። ለመጭመቅ ብረት ሳያከማቹ፣ ደማቸውን ሳያወፍሩ፣ ጭላዳ በሚውልበት ገደል ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሰውነታቸው ይህን እንዴት እንደሚያደርገው እስካሁን እየተጠና ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ ጤፍም እናንሳ። ጤፋችን ብረት አለው የሚባለው እውነት ነው። ከፊሉ ግን የመጣው ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው ነው፤ በበሬ ሲወቃ አፈሩ አብሮ ይገባል፣ የአፈር ብረት ደግሞ አብዛኛው አንጀት ሳይቀበለው ያልፋል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡናም ከእህል የሚገኘውን ብረት ያግዳል። ስለዚህ ጤፍ እየበላ ደም ያነሰው ሰው ቢኖር ግራ አትጋቡ። በቆላው በኩል ደግሞ በባዶ እግር የሚገባው ደም መጣጭ የአንጀት ትልና ወባ አሉ።

ወደ ሪቪ እንመለስ። ከነስሩ ዳነ። በዚያው ዓመት የሌስተሩን አሰልጣኝ የጆኒ ደንካንን የወንድም ልጅ ኤልሲን አገባ። ኤልሲ ስኮትላንዳዊት አስተማሪ ናት፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከጎኑ ያልተለየች ሴት። ከዚያ ሃል ሲቲ፣ በ1951 ደግሞ ማንችስተር ሲቲ። በኖቬምበር 1953 ሃንጋሪ ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ስትቀጣ ሂዴግኩቲ የሚባለው 9 ቁጥር ወደ ኋላ እየተሳበ ተከላካዮቹን ሲያሳብዳቸው ሁሉም አየ። ሲቲዎች ያንን ቀዱት፣ ወደ ኋላ የሚሳበው አጥቂ ሪቪ ሆነ፣ ስልቱም በስሙ የሪቪ ፕላን ተባለ። ዛሬ ሐሰተኛ 9 ቁጥር እያልን የምናወራው ነገር ቅድመ አያት ነው። በ1955 የእንግሊዝ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በዚያ ዓመት የኤፍ ኤ ካፕ ፍፃሜን በኒውካስል ተሸነፈ፣ በ1956 ግን በርሚንግሃምን 3 ለ 1 ረትተው ዋንጫውን በእጁ ነካ። በረኛው ትራውትማን አንገቱ ተሰብሮ የጨረሰው ያ ፍፃሜ ነው። ከ1949ኙ የሆስፒታል ሬዲዮ 7 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በሰንደርላንድ በኩል አድርጎ በ1958 ሊድስ ደረሰ። ሊድስ በዚያን ጊዜ የራግቢ ከተማ ነው፣ ኳሱ ያረጀ፣ ካዝናው በእዳ የተሞላ። ማርች 1961 ተጫዋችና አሰልጣኝ አደረጉት። መጀመሪያ ማሊያውን ቀየረ፦ ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ እንደ ሪያል ማድሪድ። ሰው ሳቀበት። እሱ ግን ገና ፂም ያላበቀሉ ልጆችን መሰብሰቡን ቀጠለ። ብሬምነር፣ ሀንተር፣ ሪኒ፣ ሎሪመር። ከማንችስተር ዩናይትድ የማይፈለገውን ጆኒ ጋይልስን አመጣ። የተቃራኒ ቡድንን ድክመትና ጥንካሬ በወረቀት እያስፃፈ ለተጫዋቾቹ ማደል የጀመረው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጨዋታ በፊት በነበረው ምሽት ቢንጎ ያጫውታቸዋል። ሚስት ስትወልድ አበባ ይልካል፣ የፅዳት ሰራተኞቹን በስም ያውቃል። ተጫዋቾቹ እንደ አባት ነበር የሚያዩት።

በ1964 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደጉ። ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር በእኩል 61 ነጥብ ጨርሰው በግብ ስሌት ዋንጫውን አጡ። በዚያው 1965 የኤፍ ኤ ካፕ ፍፃሜን በተጨማሪ ሰዓት በሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፉ። በዚያ ፍፃሜ የሊድስን ማሊያ ለብሶ የገባው ደቡብ አፍሪካዊው አልበርት ጆሃኔሰን በኤፍ ኤ ካፕ ፍፃሜ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ያሰለፈው ሪቪ መሆኑ ብዙም አይነገርለትም።

ከዚያ ዋንጫው መጣ። 1968 ሊግ ካፕና የፌርስ ካፕ። 1969 የሊጉ ሻምፒዮን፣ በ67 ነጥብ፣ ከ42 ጨዋታ 2 ብቻ ተሸንፈው! 1971 ጁቬንቱስን አልፈው እንደገና ፌርስ ካፕ። 1972 ኤፍ ኤ ካፕ። 1974 የመጀመሪያዎቹን 29 ጨዋታዎች ሳይሸነፉ እንደገና ሻምፒዮን። የተጠሉትም በዚያው ልክ ነው። የሚማቱ፣ የሚከራከሩ፣ ዳኛ የሚከብቡ፣ ቆሻሻው ሊድስ የሚል ቅፅል የወጣላቸው። በአምስት የውድድር ዘመን ሁለተኛ ሆነው መጨረሳቸው ደግሞ የሪቪን ባለ ጉድ እምነት አባባሰው። ሁልጊዜ ያንኑ ሰማያዊ ሱፍ ይለብሳል። ሜዳው ተረግሟል ብሎ ከብላክፑል ጠንቋይ አስመጥቶ አስፈትቶታል። ሳቅ ይሆን ይሆናል፣ ግን ቤተሰቡ በየጊዜው ከእጁ ሲያመልጥ ያየ ልጅ ነገሮችን በቁጥጥሩ ስር ለማዋል የማይሞክረው የለም።

ኤፕሪል 1970ን ለብቻው እንየው። ሊድስ ሶስት ዋንጫ እያሳደደ ነው። በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ የገጠመው ሴልቲክ ነው። ኤላንድ ሮድ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፉ። የመልሱ ጨዋታ ግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ፣ 136,505 ተመልካች። ብሬምነር ቀድሞ አገባ፣ ሴልቲክ ግን 2 ለ 1 ገለበጠው። በሁለቱም ጨዋታ ሊድስን መከራውን ያበላው ጂሚ ጆንስተን የሚባል አጭር ቀይ ፀጉር ክንፍ ነው። ሊጉን ኤቨርተን፣ ኤፍ ኤ ካፑን ቼልሲ ወሰዱት። ሶስቱም ባዶ። ያንን ምሽት አንድ ሜዳ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች፣ አሰልጣኙ ሪቪና ክንፉ ጆንስተን፣ የኋላ ኋላ የሞቱት በአንድ ዓይነት በሽታ ነው። ጆንስተን በ2006።

ከዚያ በፊት ግን ውርደቱ። በ1974 የእንግሊዝ ብሄራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። አልሆነለትም። ልጆቹን በየቀኑ ማግኘት የለመደ አባት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ እያየ መምራት አቃተው። ለ1976ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አላለፉም፣ የ1978ቱ የዓለም ዋንጫም እየራቀ ነበር። ጁላይ 1977 ስራውን ለቆ በአራት ዓመት 340,000 ፓውንድ ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሄደ። ዜናውን ለጋዜጣ ሸጦ ስለነበር ፌዴሬሽኑ ደብዳቤውን ሳያነብ አገሩ ሁሉ በጋዜጣ አነበበው። ከዳተኛ ተባለ። ጉቦ ሰጥቶ ነበር የሚል ወሬም በጋዜጦች ወጣ፣ ግን ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ አልነበረም። ፌዴሬሽኑ 10 ዓመት አገደው። በዲሴምበር 1979 ፍርድ ቤት እገዳውን ቢሽረውም ዳኛው ራሱ ፀባዩን ሳይነቅፍ አላለፈም። የካይሮው አል አህሊ ደጋፊ የሆነ ካለ ደግሞ ይህንን ይያዝ፦ በ1984 ለአጭር ጊዜ ሪቪ አሰልጥኖታል።

በ1986 ከኤልሲ ጋር ስኮትላንድ ኪንሮስ ገቡ። ጎልፍ እየተጫወተ ጡረታውን ሊያጣጥም። በ1987 ሐኪሞቹ የነገሩት ሌላ ነው። ሞተር ኒውሮን።

ይህ በሽታ ምን ያደርጋል? ከአንጎል እስከ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ። አሰልጣኙ መስመር ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ ሜዳው ውስጥ ግን የሚሰማው የለም። መጀመሪያ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ይደክማል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ከቆዳው ስር ይርገበገባል፤ ወይም ምላስ ይተሳሰራል። ከዚያ መዋጥ፣ በመጨረሻ መተንፈስ። የቆዳ ስሜት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ብዙዎቹ ምልክቱ ከጀመራቸው በኋላ የሚኖሩት ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሽታው የሚጠራው በቤዝቦል ኮከቡ በሉ ጌሪግ ስም ነው። ሳያቋርጥ 2,130 ጨዋታ በመሰለፉ ቅፅል ስሙ የብረት ፈረስ ነበር፤ በ1941 በ37 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ብረቱ የት ገባ? ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሪቪ ከሞተ በኋላ ማለት ነው፣ የእነዚህ ታማሚዎች አንጎል በኤም አር አይ ሲታይ እንቅስቃሴን በሚያዘው ክፍል ላይ ጥቁር መስመር መታየቱ በጥናት ወጣ። ጥቁሩ ነገር ሲመረመር ብረት ነው። የተከማቸውም በአብዛኛው ማይክሮግሊያ በሚባሉት የአንጎል ፅዳት ሰራተኞች ውስጥ ነው። በደማቸውም ብረት የሚቀመጥበት ጎተራ የሆነው ፈሪቲን ከጤነኛ ሰው ከፍ ብሎ በተለያዩ ጥናቶች ተገኝቷል፣ በጣም ከፍ ያለባቸው ቶሎ የመሞት ነገር እንዳላቸው ያሳዩም አሉ። ብረት ደም ውስጥ ታስሮ ሲሰራ ህይወት ነው፤ ተፈትቶ ህዋስ ውስጥ ሲንቀዋለል ግን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ የህዋሱን ቅባት የሚያቃጥል መርዝ ይፈጥራል። አንድን ነገር ዝገት ሲበላው አስቡት። በዚህ መንገድ ህዋስ የሚሞትበትን ሞት ሳይንቲስቶች በ2012 ፌሮፕቶሲስ ብለው ስም አወጡለት።

ታዲያ ገዳዩ ብረቱ ነው? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ነርቩን የሚገድለው ብረቱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነርቮቹ በሌላ ምክንያት ሞተው ፅዳት ሰራተኞቹ ፍርስራሹን ሲለቅሙ የተከማቸ ነው ባይ ናቸው። ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ የተገኘ ጠርሙስ ለሽንፈቱ ምክንያት ነው ወይስ ሽንፈቱ ያስወረወረው? እንደዚያ ነው ነገሩ። ኤች ኤፍ ኢ በሚባለው ብረት ተቆጣጣሪ ጂን ላይ ያለ ለውጥ በሽታውን ያመጣል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፣ በኋላ የመጡ ሰፋፊ ጥናቶች ግን አልደገፉትም። በ2018 የፈረንሳይ ሐኪሞች ብረት የሚያወጣ ዴፈሪፕሮን የተባለ መድሃኒት ለ23 ታማሚዎች ሰጥተው አንጎላቸው ውስጥ ያለው ብረት እንደቀነሰና የበሽታው ሩጫ ረገብ ያለ እንደሚመስል ፃፉ። ተስፋ ነበር፣ ግን 23 ሰው ቡድን እንጂ ሊግ አይደለም። ይኸው መድሃኒት በ2022 በ372 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ የወሰዱት ካልወሰዱት ይበልጥ ባሰባቸው። አንጎልም ለስራው ብረት ይፈልጋላ! ዝም ብሎ ማውጣት ዝም ብሎ እንደመጨመር ያለ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው እኛም ከተማ እጁ የዛለ፣ እግሩ የሚጎተት ሰው ሁሉ ደም አንሶት ነው እየተባለ የአይረን ክኒን በራሱ እየገዛ እንዳይውጥ የምንለው። ደም ማነስ ሙሉ ሰውነትን ያደክማል፣ ዳገት ላይ ያስተነፍሳል፣ ፊትን ያገረጣል፣ በቀላል የደም ምርመራም ይታወቃል። አንድ እጅ ለብቻው ሲከዳ ግን ጉዳዩ የነርቭ ሐኪም ነው። ለነፍሰ ጡር እናቶች ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አይረን ሌላ ነው፣ እሱን የሚያስጥል ነገር እዚህ የለም።

የእግር ኳስ ሰው ይህን በሽታ ሊፈራው የሚገባበት ሌላ ቁጥርም አለ። ጣሊያኖች በ2005 ባወጡት ጥናት ከ7,325 ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ውስጥ 5 ታማሚ አገኙ፤ በተለመደው ስሌት አንድ እንኳ የማይሞላ፣ 0.77 ነበር የሚጠበቀው። በ2019 ስኮትላንድ ውስጥ 7,676 የቀድሞ ተጫዋቾች ሲታዩ በሞተር ኒውሮን የመሞት እድላቸው ከሌላው ሰው አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። በቴስታ ነው? በከባድ ልምምድ ነው? መልሱ ገና አልተዘጋም። ሪቪ ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ የሚከብደውን የቆዳ ኳስ በቴስታ ሲመታ ነው የኖረው፤ ከዚህ ተነስቶ ግን የአንድን ሰው በሽታ ምክንያት መናገር አይቻልም።

ለሪቪ የሚሰጥ መድሃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው፣ እሱም እድሜን በጥቂት ወራት የሚያረዝመው ሪሉዞል፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1995 ነው። በጂን ምክንያት ለሚያዙ ጥቂት ታማሚዎች የሚሆነው ቶፈርሰን በ2023። እሱ የነበረው ኤልሲና እነዚያ አሁን ፀጉራቸው የሸበተው ልጆቹ ናቸው። ያ የ1988ቱ የኤላንድ ሮድ ዝግጅት ለህዝብ የታየበት የመጨረሻው ነበር።

ሜይ 26 ቀን 1989 ኤደንብራ፣ መሪፊልድ ሆስፒታል ውስጥ በ61 ዓመቱ አረፈ። የአርሰናል ደጋፊዎች ቀኑን ሳይነገራቸው ያውቁታል። በዚያው ዕለት ማታ አንፊልድ ላይ ማይክል ቶማስ በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብቶ አርሰናል ከሊቨርፑል ጋር በነጥብም በግብ ልዩነትም እኩል ሆኖ ብዙ ባገባ ሻምፒዮን የሆነበት ምሽት ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ በግብ ስሌት ያጣው ሰው የሞተው በዚያ ቀን መሆኑ...! እንግሊዝ በሙሉ ስለ አንፊልድ ሲያወራ የሪቪ ሞት ተሸፈነ።

ከአራት ቀን በኋላ ሜይ 30 ዋሪስተን ላይ የቀብሩ ስርዓት ተፈፀመ። ተጫዋቾቹ መጡ። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ግን ሶስት ዓመት ብሄራዊ ቡድኑን ለመራ ሰው አንድ ተወካይ እንኳን አልላከም። ሊድስ በ1994 የኤላንድ ሮድን ሰሜን ትሪቡን በስሙ ሰየመው። በሜይ 2012፣ የ1972ቱ ኤፍ ኤ ካፕ 40ኛ ዓመት ላይ፣ ከስታዲየሙ ውጪ ሃውልቱ ቆመ።